የታመመውን ሳንባ አውጥተው ሌላ ቢተክሉላቸውስ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምላቸው፣ 61 ዓመታቸው ነው። ሳል አልለቅ ብሏቸው ሲመረመሩ የሳንባ ካንሰር ደረጃ 3 ተባሉ። ዕጢው ቀኝ ሳንባቸው ላይ ነው፤ አጠገቡ ወዳሉት ንፍፊቶችም ደርሷል። ሐኪሞቹ ግን ወዲያው ኦፕራሲዮን አያደርጉም። መጀመሪያ ሦስት ዙር ኬሞና ኢሚዩኖቴራፒ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና አሉን። ካንሰር ደረት ውስጥ አስቀምጦ ወራት መጠበቅ ምን የሚሉት ነው? ደግሞ ቺካጎ ውስጥ ለካንሰር ታማሚ ሁለት ሳንባ ተተከለለት ሲባል ሰማሁ። ለጋሼ ለምን አይሆንም? አንዱን ሳንባዬን ልስጣቸው ዝግጁ ነኝ። ለእሳቸው እስካሁን ‹ዕጢ ነው› ብቻ ነው ያልናቸው።»

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ሐኪሞቹ ያቀረቡላችሁ ዕቅድ ጥሩ ዕቅድ ነው። ጋሼን ቸል አላሏቸውም። ንቅለ ተከላው ግን አሁን ባሉበት ሁኔታ ይጎዳቸዋል። የአንቺን ሳንባም ማንም አይወስድም። ምክንያቱን ግን በሁለት መስመር ልነግርሽ አልችልም። ጥያቄሽ እኛ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ዕድሜያችንን ሙሉ የምንታገልበትን ነገር ነው የነካው።

ከኢሚዩኒቲ፣ ማለትም ከሰውነት የመከላከያ ኃይል፣ እንጀምር። ደማችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ሥራቸው የራስን ከባዕድ መለየት ነው። ባዕድ ካገኙ ይገድላሉ። ልጓም ከሌላቸው ግን የራሳችንንም አካል ያጠቃሉ። ስለዚህ ተፈጥሮ ፍሬን ሠርታላቸዋለች። ከፍሬኖቹ አንዱ ፒዲ-1 ይባላል። ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ በታሱኩ ሆንጆ ቤተ ሙከራ በ1992 የተገኘ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሲቲኤልኤ-4 የሚባለው ሌላኛው ፍሬን ሲለቀቅ ኢሚዩኒቲ ካንሰርን እንደሚያጠቃ ያሳየው ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ነው። ሁለቱ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የሳንባ ካንሰር ይህን ፍሬን ለራሱ ይጠቀምበታል። ቲ ሴሉ ካንሰሩን ለይቶ ዕጢው ድረስ ይመጣል። ደርሶም ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። የካንሰሩ ሴል ያ ሲደርሰው ፒዲ-ኤል1 የሚባል ፕሮቲን ገጹ ላይ ያወጣል። ፕሮቲኑ የቲ ሴሉን ፍሬን ይይዛል። ቲ ሴሉ ጠላቱ ፊት ቆሞ ሥራ ይፈታል። ኢሚዩኖቴራፒ የምንላቸው፣ ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ፍሬኑ እንዳይያዝ ይከለክላሉ። እነሱ ራሳቸው ካንሰር አይገድሉም። የሚገድሉት የጋሼ የራሳቸው ቲ ሴሎች ናቸው።

አሁን «ለምን መጀመሪያ አይቆረጥም?» ወደሚለው እንምጣ። ቲ ሴል የሚበረታውና የሚባዛው ካንሰሩን ባየ መጠን ነው። ዕጢው ደረት ውስጥ እያለ ፍሬኑ ሲለቀቅ፣ ቲ ሴሎቹ የሚያዩት ብዙ ነገር አለ። አጠገቡ ያሉት ንፍፊቶችም ቲ ሴሎች ስለ ካንሰሩ የሚማሩባቸው ቦታዎች ናቸው። መጀመሪያ ዕጢውንም ንፍፊቶቹንም ጠርገን ብናወጣ፣ የሚቀረው በዓይንም በሲቲ ስካንም የማይታይ ጥቂት የተበተነ ሴል ነው። በኋላ ተመልሶ ሰው የሚገድለው ደግሞ ያ የተበተነው ነው። በደረጃ 3 ቀዶ ሕክምና ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ቢላችን የሚያወጣው የሚታየውን ብቻ ነው።

ይህ ሐሳብ በመጀመሪያ የተፈተሸው በጥቂት ሰዎች ላይ ነበር። በ2018 ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉት ፓትሪክ ፎርድና ባልደረቦቹ ከኦፕራሲዮን በፊት ሁለት ዙር ኒቮሉማብ ብቻ ሰጡ። 20 ሰዎች ዕጢያቸው ወጣላቸው። በ9ኙ ላይ፣ የወጣው ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከመቶ ዘጠናው ወይም ከዚያ በላይ ሞቶ ተገኘ። ካንሰሩን የሚያውቁ ቲ ሴሎችም ደማቸው ውስጥ ተባዝተው ታዩ። ዕጢው ከወጣ በኋላም ሥራቸውን ሊቀጥሉ የሚችሉት እነዚያ ሴሎች ናቸው። በሙያዬ ካነበብኳቸው ውጤቶች በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ ትልቁ ጥናት መጣ፤ ቼክሜት 816 ይባላል። 358 ታካሚዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ከኦፕራሲዮን በፊት ሦስት ዙር ኬሞ ብቻ ወሰዱ። ግማሾቹ ኬሞና ኒቮሉማብ አንድ ላይ ወሰዱ። ለጋሼ የታዘዘውም የዚህ ዓይነት ሕክምና ነው። በ2022 በወጣው ውጤት፣ ኒቮሉማብ ከተጨመረላቸው ከመቶ 24ቱ ላይ ምንም ሕይወት ያለው የካንሰር ሴል አልተገኘም። ኬሞ ብቻ በወሰዱት ላይ ግን 2.2 ከመቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 65 ከመቶ ገደማ ናቸው፤ በኬሞ ብቻ 55።

«እስከዚያው ቢያድግና ኦፕራሲዮኑ ቢያመልጣቸውስ?» ትይ ይሆናል። ስጋትሽ ተገቢ ነው። የሚያመልጣቸው ሰዎች አሉ፤ አልደብቅሽም። ግን በዚሁ ጥናት ኒቮሉማብ ከወሰዱት 83 ከመቶው ለኦፕራሲዮን በቅተዋል። ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 75 ከመቶው። መድኃኒቱ መንገዱን አልዘጋም፤ እንዲያውም ለብዙዎች ከፍቷል።

ወደ ንቅለ ተከላ ልምጣ። ታሪኩን ማወቅሽ ይጠቅምሻል፤ ምክንያቱም የአንቺን ጥያቄ ከ60 ዓመት በፊት የጠየቀ ሰው ነበር።

በጁን 1963 ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ጄምስ ሃርዲ የሚባል ቀዶ ሐኪም በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ሳንባ ንቅለ ተከላ አደረገ። ታካሚው የዕድሜ ልክ እስረኛ ነበር። ሕመሙ ደግሞ ልክ እንደ ጋሼ የሳንባ ካንሰር ነው፤ በግራ በኩል። ሰውየው 18 ቀን ኖረ። ያዳከመውና የገደለው ኩላሊቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመት ያህል በዓለም ዙሪያ ወደ 40 የሚጠጉ ሙከራዎች ተደረጉ። ረጅም ዕድሜ ያገኘው በ1968 ቤልጅየም፣ ጌንት ውስጥ የተተከለለት ሰው ነው። እሱም 10 ወር ብቻ ነው የቆየው።

መሰናክሉ ከሁለት ወገን ነበር። ሰውነት ባዕዱን ሳንባ አልቀበልም ይላል። እንዲቀበል ተብሎ በብዛት የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል ኢሚዩኒቲ አዳካሚ መድኃኒት ደግሞ የአየር ቧንቧው የተሰፋበት ቦታ እንዳይድን ያደርጋል። ስፌቱ ይለቃል፤ ታካሚው ይሞታል። ይህን ያስተካከሉት ቶሮንቶ የነበሩት ጆኤል ኩፐርና ቡድኑ ናቸው። ችግሩን በውሾች ላይ በትዕግሥት አጠኑት። ስቴሮይዱን ቀነሱ። ያኔ አዲስ የነበረውን ሳይክሎስፖሪን የሚባል ሌላ ኢሚዩኒቲ አዳካሚ መድኃኒት ያዙ። ስፌቱን ደግሞ ከሆድ ስበው ባወጡት ሞራ ጠቀለሉት። ሞራ የራሱ ብዙ የደም ሥር ስላለው ስፌቱን ይመግበዋል። በ1983 በዚህ መንገድ አንድ ሳንባ የተተከለለት ሰው ከ6 ዓመት በላይ ኖረ። እሱ ግን ካንሰር አልነበረበትም። ሳንባው ጠባሳ ሆኖ የደነደነበት ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ንቅለ ተከላው የተለመደ ሕክምና ሆነ። ካንሰር ያለባቸው ግን ከበር ተመለሱ። ለምን ቢባል፣ የተተከለ ሳንባ ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ታክሮሊመስን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ይወስዳል። ሥራቸው ቲ ሴሎችን ማዳከም ነው። አንድ የካንሰር ሴል እንኳ ቀርቶ ከሆነ፣ የሚያስቆመው አያገኝም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በንቅለ ተከላ መጀመሪያ ዘመን ሳይታወቅ ካንሰር ያለበት ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ነበሩ። ካንሰሩ በእነሱ ውስጥ ተሰራጨ። ሐኪሞች ኢሚዩኒቲ የሚያዳክመውን መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ሰውነታቸው ኩላሊቱንም ካንሰሩንም አንድ ላይ አጠፋቸው። የሰው ኢሚዩኒቲ ካንሰርን መግደል እንደሚችል ከታየባቸው የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው፤ ኢሚዩኖቴራፒ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት። ንቅለ ተከላና ካንሰር የአንድ ሳይንስ ሁለት ወገን ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ ደግሞ ከሳንባ ሳይወጣ ቀስ እያለ የሚስፋፋ የካንሰር ዓይነት ለያዛቸው ጥቂት ሰዎች ንቅለ ተከላ ተሞከረ። በ1999 ስለ 7ቱ ሪፖርት ወጣ። በ4ቱ ላይ ካንሰሩ አገርሽቷል። ያገረሸውም አዲሱ ሳንባ ውስጥ ነው።

አንቺ የሰማሽው የቺካጎው ታሪክ እውነት ነው። በ2021 ኖርዝዌስተርን ውስጥ አንኪት ባራት የሚመራው ቡድን ደረጃ 4 የሳንባ ካንሰር ለነበረበት የ54 ዓመት ሰው ሁለት ሳንባ ተከለ። ባራት ቀዶ ሐኪምም ተመራማሪም ነው። በ2020 በኮቪድ ሳንባው ለጠፋ ሰው በአሜሪካ የመጀመሪያውን የሁለት ሳንባ ንቅለ ተከላ ያደረገውም የእሱ ቡድን ነው። ለካንሰር የተጠቀሙበት ዘዴ ከቀድሞው ይለያል። ሁለቱንም ሳንባ በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። የአየር ቧንቧውንና የደረቱን ውስጥ ያጥባሉ። አዲሶቹን ከዚያ በኋላ ይተክላሉ። ቀድሞ አንዱ ወጥቶ ሲተካ፣ ሌላኛው የታመመው ሳንባ እዚያው ሆኖ የካንሰር ሴል ወደ አዲሱ ሊረጭ ይችል ነበር።

ግን መስፈርታቸውን አስተውዪ። ካንሰሩ ሁለቱ ሳንባዎች ውስጥ ብቻ መሆን አለበት። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሄደ መሆን የለበትም። ሌላው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ አልሆነም መባል አለበት። ጋሼ በተቃራኒው ናቸው። ካንሰሩ ያለው በአንድ ወገን ነው፤ ንፍፊት ግን ነክቷል። ደግሞ ገና ያልተሞከረ ጥሩ ሕክምና ከፊታቸው አለ። አሁን ንቅለ ተከላ ማድረግ፣ ቲ ሴሎቻቸውን ነቅታችሁ ሥሩ ልንላቸው በተዘጋጀንበት ሰዓት፣ ማደንዘዣ እንስጣቸው እንደማለት ይሆናል። የተተከለ ሳንባ ራሱም ዕድሜው ረጅም አይደለም። ከተተከለላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከ6 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ። ሳንባ ከኩላሊትና ከጉበት ይልቅ ቶሎ ይከዳል።

ለምን ሳንባ? አየር በየደቂቃው አቧራና ጀርም ይዞበት ስለሚገባ ነው። የራሱ የሆነ የኢሚዩኒቲ ሠራዊት ሁልጊዜ አለው። እዚህ ላይ የቀዶ ሐኪሞች ምርምር በጣም የሚያስደንቅ ነገር አሳይቶናል። ሴንት ሉዊስ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዳንኤል ክራይዘል፣ አሌክሳንደር ክሩፕኒክና ባልደረቦቻቸው የአይጥን ሳንባ አውጥተው ለሌላ አይጥ መትከል ቻሉ። የአይጥ የደም ሥር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አስቢው። ይህ ከሆነ በኋላ ሳንባ እንዴት እንደሚቀበልና እንደማይቀበል ሴል በሴል መከታተል ተቻለ።

በ2014 ያወጡት ውጤት ብዙዎቻችን የተማርነውን ገለበጠው። በልብና በኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ «ትዝታ ያላቸው» የሚባሉት፣ ቀድሞ ያገኙትን ባዕድ የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች ጠላት ናቸው ተብለው ይታወቃሉ። በሳንባ ግን ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ካልኖረ አይጡ አዲሱን ሳንባ አይቀበልም። ሴሎቹ የሚለቁት ያንኑ ቅድም ያነሳሁልሽን ኢንተርፌሮን ጋማ ነው። እሱ እዚያው ሳንባው ውስጥ ሌሎቹን አጥቂዎች የሚያረጋጋ ሂደት ያስነሳል። በ2018 ደግሞ ቡድኑ ፒዲ-1 የሌላቸው ቲ ሴሎች ባሉበት ሳንባው ተቀባይነት እንደማያገኝ አሳየ። ይኸው ፍሬን ነው፤ ካንሰሩ የሚደበቅበት፣ የተተከለውን ሳንባ ደግሞ የሚያኖረው። ኩላሊት ተተክሎላቸው ኋላ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ኢሚዩኖቴራፒ ሲወስዱ፣ ከአሥሩ በአራቱ ገደማ ሰውነታቸው ኩላሊቱን ማጥቃት የሚጀምረውም ለዚህ ነው።

እነዚህ በአይጥ የታዩ ናቸው፤ ሰው ላይ እንደወረዱ አይተገበሩም። ግን አቅጣጫ ሰጥተውናል። የወደፊቱ ሕልማችን ፍሬኑን ሳንባው ውስጥ ብቻ፣ እኛ በምንፈልገው አቅጣጫ ማዘዝ ነው። ያኔ ካንሰር ለነበረበት ሰውም ሳንባ መትከል የሚያስፈራ አይሆንም።

ሳንባሽን ልስጥ ስላልሽው ደግሞ፦ ፍቅርሽ ገብቶኛል። ከሕያው ሰው ሙሉ ሳንባ ግን አይወሰድም። በ1990ዎቹ ቮን ስታርንስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሁለት ዘመዶች የሳንባ ክፍል እየወሰደ ለአንድ ታካሚ ይተክል ነበር። በተለይ ለልጆችና ሰውነታቸው ለቀለለ ሰዎች። አሁን ይህ በብዛት የሚሠራው ጃፓን ውስጥ ነው። ለካንሰር አይደረግም። አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡም፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ የሳንባ ግን የለም። ስለዚህ «ሳንባ ይተከላል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ደላላ ካለ አትስሙት።

አሁን ከጋሼ ሐኪሞች ጋር የምትነጋገሩበትን ልንገርሽ። አንደኛ፣ የዕጢው ናሙና ኢጂኤፍአር እና ኤኤልኬ በሚባሉት ጂኖች ላይ ለውጥ እንዳለው ተመርምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ጋሼ የማያጨሱ ከሆነ። ለውጡ ከተገኘ ኢሚዩኖቴራፒ ብዙም አይጠቅምም፤ በዚያ ፈንታ እንደ ኦሲመርቲኒብ ያለ፣ ለተገኘው ለውጥ የተሠራ እንክብል አለ። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ሊቀየር ይችላል። ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

ሁለተኛው ቲቢ ነው። አብዛኞቻችን ቲቢ በሚበዛበት አገር ነው ያደግነው። ጋሼ በልጅነታቸውም ሆነ በኋላ ቲቢ ታመው ወይም ከታመመ ሰው ጋር ኖረው ከሆነ ለሐኪሞቹ ተናገሩ። ተኝቶ የቆየ ቲቢ በእነዚህ ሕክምናዎች መሀል ሊነሳ ይችላል። ስቴሮይድ ከተጨመረ ደግሞ ስጋቱ ይበዛል። አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል።

ምግብና እንቅስቃሴ ላይ ብዙ አልልም። ኪሎ እንዳይቀንሱ፣ በየቀኑ በእግር እንዲሄዱ፣ የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ እንዲያቆሙ አድርጉ። ጾም ላይ ከሆኑ የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ አላት። ከቤት የሚወስዱትን ቅጠላ ቅጠልም ለሐኪሞቹ አትደብቁ።

በመጨረሻ ያልሽው ነገር ያሳስበኛል። «ዕጢ ነው ብቻ ነው ያልናቸው» ብለሻል። ለምን እንደምናደርገው አውቃለሁ። ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ ልቡ እንዳይሰበር ብለን ነው። በዚህ ሕክምና ግን መደበቅ ራሳቸውን ይጎዳቸዋል። ፍሬኑ የተለቀቀው ኢሚዩኒቲ አንዳንዴ ደህናውን አካል ያጠቃል። ሳንባን ሲያጠቃ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይመጣል። አንጀትን ሲያጠቃ ተቅማጥ፤ የእንቅርት ዕጢን ሲያጠቃ ድካም። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ በስቴሮይድ ይመለሳል። ካረፈደ ግን ሊገድል ይችላል። የመጀመሪያውን ምልክት የሚያውቀው ታማሚው ነው። ምን እንደሚወስድና ለምን እንደሚወስድ የማያውቅ ሰው «ትንሽ ሳል ነው፣ ያልፋል» ብሎ ይተኛል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ንገሯቸው። የሚያከብሩት ሰው አጠገባቸው ይሁን። በአማርኛ ይነገራቸው፤ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። ስለ በሽታው ስትነግሯቸው ስለ ሕክምናው አብራችሁ ንገሯቸው፤ የሚባል ጥሩ ነገር አለና። የካንሰር ክፍሉን የሌሊት ስልክ ቁጥር ስልካቸው ላይ መዝግቡላቸው። ሳሉ ከዛሬው ከባሰ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ተቅማጡ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውለው «ኢሚዩኖቴራፒ ላይ ነኝ» ይበሉ።